እናቴን «አማ» እያለ ወስዶ ለመለሰልኝ የባንጋሎር ሹፌር

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከህንድ በተመለስን ማግስት ነው። እስካሁን ቆየሁ፣ ይቅርታ። ለሕክምና ወደ ባንጋሎር የምትሄዱ፣ ወይም ሰው የምትልኩ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታህሳስ መጀመሪያ ላይ እማዬን ይዤ ባንጋሎር ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት ከአንገቷ ዕጢ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል ተባልን። ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፤ እነዚያ ቀናት አያልፉም። እማዬ እህል አልቀምስ አለች። ሌሊት አትተኛም። ዳዊቷን ትደግማለች፣ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ትቆማለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ከማረፊያችን ሆስፒታል ሲያመላልሰን የነበረው ሹፌር በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ዝምተኛ ሰው ነው። እማዬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠራት «አማ» እያለ ነው። በእነሱ ቋንቋ፣ በካናዳኛ (ካናዳ ከሚባለው አገር ጋር አይገናኝም)፣ እናት ማለት ነው። እማዬ ግን የሰማችው «እማ» ብላ ነው። «ይሄ ልጅ አማርኛ ይችላል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እኔም አልገባኝም፣ ግን ይግባባሉ።

አርብ ከሰዓት በኋላ በመስታወቱ ዞር ብሎ አያትና «አማ ዛሬም አልበላችም?» አለኝ። አልበላችም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ነገና ከነገ ወዲያ ተራራ እንውሰዳት፤ ቤተ መቅደስ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ቡና አለ» አለ። ወዲያው ደግሞ «መጀመሪያ ግን ሐኪሟን ጠይቂ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሐኪሙ ካልፈቀደ አልወስዳትም» ብሎ ጨመረ። ሥራ የሚፈልግ ሹፌር ይህን ማለቱ ገረመኝ። ደወልኩ፣ ሐኪሙ ፈቀደ።

ስለ ክፍያው ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ስለሆነ። ህንድ ውስጥ ከከተማ ውጭ ለመሄድ ታክሲ ስትይዙ ሒሳቡ በኪሎ ሜትር ነው። ባትነዱትም እንኳ በቀን ትንሹ የምትከፍሉት 250 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ «ባታ» የሚሉት የሹፌሩ የቀን አበል አለ። የመንገድ ቀረጥና የመኪና ማቆሚያም ለብቻ ነው። የእኛ ሹፌር ይህን ሁሉ ማታውኑ በወረቀት ጽፎ፣ ደምሮ አሳየኝ። እሁድ ማታ የከፈልኩት ያንኑ ነው፤ አንድ ሩፒ አልጨመረም። የመንገድ ቀረጡን ደረሰኝ ሁሉ በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። የነቢያት ጾም ነው፣ እማዬም ሕመም ብላ ጾሟን የምትፈታ ሴት አይደለችም። ደቡብ ህንድ ሥጋ ለማይበላ ሰው ምቹ ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ግን የእነሱ ከሥጋ ነፃ ምግብ ወተትና ቅቤ አይከለክልም። ዶሳው ላይ ቅቤ ያፈሳሉ፣ ቡናውን በወተት ያፈላሉ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስረዳሁት። ከዚያ በኋላ ቁርስ ቤት በቆምን ቁጥር ቀድሞን ወርዶ ወጥ ቤቱ ድረስ ይገባል። «ቱፓ ቤዳ፣ ሃሉ ቤዳ፣ ሞሳሩ ቤዳ» ሲል እሰማዋለሁ። ቅቤ አይግባ፣ ወተት አይግባ፣ እርጎ አይግባ ማለት ነው። እናንተም ያዙት፣ ይጠቅማችኋል። ዶሳ ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ አድሮ ቦክቶ፣ በጋለ ምጣድ ላይ እየተዞረ የሚጋገር ነው። እማዬ አሰፋፉን ቆማ አይታ «ይሄማ የእንጀራ ዘመድ ነው» አለች። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በላች። ሁለት በላች።

ረፋድ ላይ ቤሉር ገባን። ከባንጋሎር ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው። ቼናኬሻቫ የሚባለውን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያሠራው የሆይሳላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቪሽኑቫርድሃና ሲሆን፣ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1117 ነው። እንግዲህ ከቅዱስ ላሊበላ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ግን የኛው ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ የእነሱ ተጠርቦ፣ ተገጣጥሞ፣ በኮከብ ቅርጽ መድረክ ላይ የቆመ። ድንጋዩ የሳሙና ድንጋይ የሚሉት ዓይነት ነው። ከመሬት ሲወጣ ለመሮ ይለሰልሳል፣ አየር ሲያገኘው እየጠነከረ ይሄዳል። የጥልፍ ያህል የደቀቀ ሥራ የሠሩበት ለዚህ ነው። ከጣሪያው ሥር በድንጋይ የተቀረጹ ሴቶች አሉ። አንዷ መስታወት ይዛ ፊቷን ታያለች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ጌጥ ሳይቀር ቆጥሬዋለሁ። ቀራጮቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን ጽፈዋል፤ ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

አሁን ሹፌሩ ያደረገውን ስሙ። ከመኪና ከመውረዳችን በፊት «አማ የራሷ ሃይማኖት አላት፣ ቦታው ዛሬም የሚጸለይበት ነው። መግባት ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት» አለኝ። እማዬ ከውጭ ልይ አለች። ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ ግቢው ደግሞ በሙሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣበት እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ከኪሱ አዲስ ወፍራም ካልሲ አወጣ። ማታ ገዝቶላት ነው የመጣው። ጥላ ፈልጎ አስቀመጣት። እኔ ከአስጎብኚ ጋር ስዞር ከአንድ ሰዓት በላይ አጠገቧ ቆይቷል። አስጎብኚውንም እሱ አልመረጠልኝም። «መታወቂያ ያንጠለጠለውን ያዢ፣ ዋጋውን ሳትገቢ ተስማሚ» ብሎ ነገረኝ እንጂ። ያስገረመኝ፣ ከሳምንት በፊት የያዝነው ሌላ ሹፌር «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ የሐር ሱቅ ወስዶን ሁለት ሰዓት አስቀምጦን ስለነበር ነው። እማዬ ያን ቀን በድካም አልቅሳለች። ይሄኛው ሁለቱን ቀን አንድም ሱቅ በር ላይ አላቆመም።

ሃሌቢዱ ከቤሉር 16 ኪሎ ሜትር ነው። የሆይሳላዎች ዋና ከተማ የነበረ ሲሆን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዴልሂ ሱልጣኖች ጦር ዘርፎ አፈራርሶታል። ቤተ መቅደሱ ግን ቆሟል። ከግርጌው ዙሪያውን የዝሆን ሰልፍ አለ፣ ከዚያ በላይ አንበሶች፣ ከዚያ ፈረሰኞች፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። እዚህ እማዬም ዞረች። ዝሆኖቹን በጣቷ እየነካች ሄደች። ሁለቱ ቦታዎች ከሦስተኛው ከሶማናታፑራ ጋር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ወደ ቺክማጋሉር ኮረብታዎች ስንወጣ ግን እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። እማዬ የአጋሮ ልጅ ናት። ቡና ሲለቅሙ ነው ያደገችው። ታህሳስ እዚያም የለቀማ ወቅት ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው፣ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ጎብጧል። እንደኛ አገር በጥላ ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው። በዛፎቹ ግንድ ላይ ደግሞ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ይጠመጠማል። እማዬ መስኮቱን ከፍታ «ቡና! ቡና!» አለች። ሹፌሩ ምንም ሳልለው ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ ለቃሚዎቹን አነጋገረልን። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከሴቶቹ መሃል ገባች። አረንጓዴውን ትታ ቀዩን ብቻ በሁለት እጇ ስትለቅም ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል። አንዷ የራሷን ቅርጫት ሰጠቻት። ሃያ ደቂቃ ያህል ለቀመች። እኔ ከመኪናው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ማደሪያችን ቡና እርሻ ውስጥ ያለ የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ። ህንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው «ፎርም ሲ» እያለ የሚያውቀውን ቅጽ ለመንግሥት መሙላት አለበት። ትንንሽ ማረፊያዎች ይህን ጣጣ ስለሚሸሹ ማታ ደርሳችሁ «የውጭ ሰው አንቀበልም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ሹፌራችን አርብ ማታውኑ ደውሎ አረጋግጧል። እኛን «ፓስፖርትና የሕክምና ቪዛችሁን ኮፒ ያዙ» ብሎን ነበር። ስንደርስ ቅጹን አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

እሁድ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ወደ ባባ ቡዳን ተራሮች ወጣን። ባንጋሎር ያለችበት የካርናታካ ክፍለ ግዛት ረጅሙ ጫፍ ሙላያናጊሪ፣ 1,930 ሜትር፣ እዚያው ሰንሰለት ላይ ነው። በየኩርባው ቀስ ይላል፣ እማዬን በመስታወት ያያታል፣ ከዚያ ይቀጥላል። መንገድ ላይ ታሪኩን ነገረን። ባባ ቡዳን የሚባል የሱፊ ቅዱስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አምጥቶ እዚህ ተራራ ላይ ተከለ፣ የህንድ ቡና ከዚያ መጣ ይላሉ። መታሰቢያውን ሙስሊሙም ሂንዱውም ይሳለመዋል። «ቡና የየመን ነው» ብሎ ሲጨርስ፣ የመንም ያገኘችው ከኛ እንደሆነ፣ የእማዬም አገር የቡና አገር እንደሆነ ነገርኩት። መኪናውን አቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ሁለት እጁን አጋጥሞ ሰገደላት። እማዬ እንደ ልማዷ «ተባረክ ልጄ» አለችው።

ሄቤ የሚባለውን ትልቁን ፏፏቴ ለማየት እኔ ጓጉቼ ነበር። «አይሆንም» አለ። በጂፕ ድንጋያማ መንገድ ወርዳችሁ፣ ከዚያ በእግር ጅረት ተሻግራችሁ ነው የምትደርሱት፤ ለአማ ወገብም ለአንገቷም ጥሩ አይደለም አለኝ። ጤነኛ ሰው ከሆናችሁ ግን ሂዱ። በምትኩ ካልሃቲ ወሰደን። ውኃው ከገደሉ በቋጥኝ ላይ እየተደራረበ ይወርድና ከአንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፊት ያርፋል። ደጃፏ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ ዝሆኖች አሉ። ሰዉ ከነልብሱ እየገባ ይታጠባል፣ ሕፃናት ይጮሃሉ፣ አሮጊቶች ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። እማዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። «እነሱም የሚያማቸው አለ» አለችኝ። ደረጃው ያዳልጣል። ሹፌሩ ሲወርድም ሲወጣም እጇን አልለቀቀም። ሰው ሲገፋ በጀርባው ይከልላታል።

በካዱርና በአርሲኬሬ አድርገን፣ የቲፕቱርን የኮኮነት እርሻ አቋርጠን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ባንጋሎር ገባን። እማዬ መኪና ውስጥ ተኝታ ነበር። የእውነት እንቅልፍ።

ሰኞ ጠዋት ሳንደውልለት በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ሆስፒታል አድርሶን አልሄደም፣ ውጭ ጠበቀ። ውጤቱ ደህና ነው ተባልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንወጣ ፊታችንን አይቶ ገባው። መሪው ላይ ግንባሩን አሳርፎ ትንሽ ቆየ። የዚያን ቀን እማዬ ከአገር ይዛው የመጣችውን ቡና ቆላች፣ እጣን አጨሰች፣ እሱን አስቀመጠችው። አቦል ጠጣ፣ ቶና ጠጣ፣ በረካ ድረስ አልተነሳም። ያለ ወተት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ በአደባባይ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅዶልኛል። ካናዳኛና ሂንዲ ይናገራል፣ እንግሊዝኛው አጭር ነው ግን ይበቃል። መኪናው ለሦስት ሰው ከነሻንጣው ምቹ ነው፣ ለአምስት ግን ይጠባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይነዳም፤ ቸኩላችሁ ሌሊት መጓዝ ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያዝ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ንገሩት። ስትደውሉ «የአማ ልጅ ናት የላከችን» በሉት፣ ያውቃል። እማዬ ደግሞ ካልሲውን አጥባ እንዳስቀመጠችው ንገሩልኝ ብላለች።