ለአንዲት የልብ ክትትል ነርስ የቀረበ ምስጋና፣ በጅማ ታማሚ ላላችሁም ጥቆማ

በጅማና በዙሪያዋ የልብ ድካም ያለባቸውን ወላጆች ለምታስታምሙ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የልብ ሕሙማን ክትትል ላይ የምትሠራ አንዲት ነርስን በአደባባይ ለማመስገን፣ እናንተም ታማሚያችሁ ከሆስፒታል ሲወጣ ስልካችሁን ይዛችሁ እርሷን ወይም እንደ እርሷ ያለ ባለሙያ ሳትጠይቁ ወደ ቤት እንዳትገቡ ለማሳሰብ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጽፈውም፤ እዚያ ቀጠሮ ያለው ሰው ግን ማንን እንደማመሰግን ሳይነገረው ያውቃል።

አባታችን ከዚህ በፊት በሌላ ተቋም ተኝተው ታክመው ነበር። የተሰናበቱበት ሁኔታ ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ፌስታል መድኃኒት ተሰጠን፣ «ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ» ተባልን፣ የትኛው ኪኒን ለምን እንደሚዋጥ ብንጠይቅ «ወረቀቱ ላይ አለ» የሚል መልስ አገኘን፤ ወረቀቱን ደግሞ ከጻፈው ሰው በቀር ሊያነበው የሚችል አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ እግራቸው አበጠ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፣ ሌሊቱንም ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ማደር ሆነ። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን ነው አንድ የስልክ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ጣት ካሜራው ላይ ሲደረግ የደም ግፊት ይለካል ያለውን መተግበሪያ ገንዘብ ተቀብሎ የጫነልን። አባታችን ከበር እስከ አልጋቸው መሄድ አቅቷቸው ሲያለከልኩ እንኳ ያ መተግበሪያ ጤነኛ ናቸው ይል ነበር። በታመመ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የሚነግድ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አላውቅም።

በኋላ ወደ ጅማው ሕክምና ማዕከል ስንመጣ ነርሷ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ መተግበሪያ ማጥፋት ነበር። በአሜሪካ በዚሁ መንገድ ግፊት እለካለሁ ይል የነበረ አንድ መተግበሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተፈትሾ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት መሠረት ግፊታቸው ከፍ ካለው ሰዎች ከ5ቱ ለ4ቱ ያህል «ደህና ነው» የሚል ውጤት ሲሰጥ እንደተገኘ ነገረችን። ግፊት የሚለካው በክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ነው፤ የስልኩ ሥራ የተለካውን መመዝገብና የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ ብቻ ነው አለችን። ከዚያም ሜዲሴፍ የተባለውን የመድኃኒት ማስታወሻ ጫነችልን።

እኔን የማረከኝ ግን መጫኗ አይደለም፤ መጫንማ የጎረቤት ልጅም ይችላል። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ እያንዳንዱን መድኃኒት በእጇ እያነሳች ለምን እንደሚወሰድ ለአባታችን በሚቀናቸው በኦሮምኛ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ አስረዳችን። ለጉልበታቸው ሕመም ከፋርማሲ የገዙትን ዲክሎፌናክ ስታይ ለብቻው አስቀመጠችው፤ እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም እያደረጉ የልብ ድካምን እንደሚያባብሱ ነግራን ወዲያው ከሐኪሙ ጋር አገናኘችን። ስለ ምግብ ስትጠይቅም እንደ ሌሎቹ «ጨው ይቀንሱ» ብላ አላለፈችም። ስለ ሽሮው፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ዳቦው ከጠየቀች በኋላ ቀና ብላ፣

«አባባ፣ ቡናዎንስ በምን ነው የሚጠጡት?» አለቻቸው።

«በጨው ነዋ! በስኳርማ የሚጠጣው የከተማ ልጅ ነው» አሉ፣ ጎማ ወረዳ ተወልደው በቡና መሐል ያደጉት አባታችን፣ እንደ መኩራት ብለው።

ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች፤ ነገሩን ግን በሳቅ አልተወችውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንደሚመክርና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሚጠጡት ቡና ውስጥ ያለው ጨው ከወጡ ጨው ጋር እንደሚደመር በትዕግሥት አስረዳቻቸው። በዚያ ሁሉ ምልልሳችን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ባዕድ አገር የተሠራ መተግበሪያም ስለ ጅማ ቡና ሊጠይቅ አይችልም። አባታችን ቡናቸውን ባዶውን መጠጣት የጀመሩት እያጉረመረሙ ነው፤ ማጉረምረማቸውንም አልተዉም።

ሌላው ብልኅነቷ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ስልኩ 8:00 ብሎ ሲጮህ ለአባታችን ያው ስምንት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ በየመድኃኒቱ ማስታወሻ ላይ «ጠዋት ሁለት ሰዓት»፣ «ማታ ሁለት ሰዓት» እያለች በፊደላችን ጻፈችላቸው፣ የኪኒኖቹንም ፎቶ አብራ አስገባች። የሽንት ኪኒኑን ጠዋት ያደረገችው ሌሊት እንዳይመላለሱ ነው። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ማስታወሻዎቹን ዝም እንዳያሰኛቸውም አንድ ነገር ነካክታ አስተካክላለች፤ ምን እንዳደረገች እኔ አልገባኝም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ መጮሁን አላቋረጠም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ሚዛኑ ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በተመሳሳይ ልብስ ተመዝነው ኪሎውን ስልኩ ላይ እንዲመዘግቡ፣ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ግን እብጠት እስኪታይ ሳንጠብቅ እንድንደውል አዘዘችን። አንድ ሰሞን ሰርግ ነበረብንና ከሰርጉ በኋላ ስልኩ ላይ የኪሎው መስመር ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። አባታችን «ምንም አልሆንኩም» ቢሉም ደወልኩላት፤ በማግሥቱ ሐኪሙ ፊት አቀረበቻቸው፣ መድኃኒታቸው ተስተካከለ፣ አልጋ ሳይዙ ቤታቸው ገቡ። ያለዚያ መዝገብ የምናውቀው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነበር።

ያንን የጣት መተግበሪያ ያጋለጠው ጆንስ ሆፕኪንስ ራሱ፣ የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶ ለታከሙ ሰዎች ኮሪ የተባለ መተግበሪያ ሠርቶ ሕሙማኑ ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ እንደሚያለማምዳቸው፣ በወጡ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙትም ቁጥር ከቀድሞው ዝቅ ብሎ እንደተገኘ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናታቸው ያሳያል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋችን የለንም። እኛ ያለን፣ ተረኛነቷ አልቆ ጋውኗን ካወለቀች በኋላ ተመልሳ ተቀምጣ የሽማግሌ ስልክ የምታስተካክል ነርስ ናት። ለዚህ ሥራ የሚከፍላት የለም፤ እኛም ልንሰጣት ስንሞክር ተቆጥታ መልሳልናለች። የሥራ ኃላፊዎቿ ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሥራ በትርፍ ሰዓቷ ሳይሆን በሥራ ሰዓቷ የምትሠራበትን መንገድ ፈልጉላት፤ ሌሎችንም ታሠልጥን።

ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ ታማሚ ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ አደራ፣ ሳትጠይቋት አትመለሱ። ስትሄዱ ስልኩን ሞልታችሁ፣ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉልበቱንም የራስ ምታቱንም ሳታስቀሩ፣ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤት ውስጥ የሚያነብ ልጅ ካለ አብሮ ይሂድ፣ ምክንያቱም ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ መዝገቡን በየጠዋቱ የሚያየው እርሱ ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቃት ስለሆነ ጠዋት ባትይዟት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ወረፋው ሲቀል ጠይቋት።