የፊንጢጣ ኪንታሮት፦ ላስቲክ፣ መርፌ ወይስ «ሌዘር»?

ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ጠጋ ይሉና «ያን ነገር በምን ተገላገልከው?» ይሉኛል። ስድስተኛው ሰው ሲጠይቀኝ በቃ ልጻፈው አልኩ።

መልሴ በላስቲክ ማሰር ነው። መጀመሪያ ገንዘቤን ያፈሰስኩት ግን እዚያ አልነበረም። «ሌዘር ነው፣ ቢላ አይነካህም» ተባልኩና የሦስት ቀጠሮ ሒሳብ ቅድሚያ ከፈልኩ። ደሙ ሁለት ወር ጠፍቶ ተመለሰ። ሌላ ሐኪም ደረሰኙን አይቶ ሳቀ። ለካ ሌዘር ሳይሆን ኢንፍራሬድ ኖሯል፤ ከሃሎጅን አምፖል የሚወጣ ሙቀት! የመሣሪያውን ጫፍ ከኪንታሮቱ በላይ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ እያስነኩ ደም ስሩን ያደርቁታል። ለትንሽ፣ ደም ብቻ ለሚያስቸግረው ኪንታሮት ይሠራል። የእኔ ግን ሽንት ቤት ተቀምጬ ስነሳ በጣቴ የምመልሰው፣ ሦስተኛ ደረጃ የሚሉት ነበር።

ላስቲኩ ጉድ ነው። ሐኪሙ በአጭር ቱቦ እያየ ኪንታሮቱን ይስብና ሥሩ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ይለቅበታል። ደም ሲያጣ ይጠወልግና በሳምንት ገደማ ከሰገራ ጋር ይወድቃል። ማደንዘዣ አልተወጋሁም። ሲታሰር ስል ሕመም ከተሰማችሁ ግን ቀለበቱ ዝቅ ብሎ ገብቷልና እዚያው ተናገሩ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ና ና ሲለኝ ዋለ፣ ያ ብቻ። በዘጠነኛው ቀን ትንሽ ደም አይቼ ደነገጥኩ፤ መውደቂያው ነበር። ብዙ ደም፣ ትኩሳት፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የሚነግሯችሁ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቀጠሮ ነው፤ ኪንታሮቱ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ በየመሃሉም ጥቂት ሳምንታት ያስጠብቃል። ስለዚህ ክፍያው በቀለበት ነው በቀጠሮ? ምርመራው ተጨምሮበታል? የክትትሉስ? ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሁለቴ ታስሬ የከፈልኩት ከዚያ «ሌዘር» ግማሹን አይሞላም።

መርፌውን አልሞከርኩትም። ፌኖል የሚባል መድኃኒት በአልመንድ ዘይት ተበጥብጦ ይወጋል፤ ለውዝ ነክ ነገር የማይስማማችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ሐኪሞች ከላስቲክ ይልቅ እሱን ይመርጡለታል። ቶሎ የመመለስ አመል ግን አለው።

ቅባት ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የወጣውን አይመልስም። «የሚያቃጥል መድኃኒት ቀብቼ እነቅለዋለሁ» ከሚል ሰው ሽሹ። በውጭ በኩል ያበጠው ደግሞ በላስቲክ አይታሰርም፤ ቆዳው ሕመም ስለሚሰማው ትጮሃላችሁ። የሚደማ ሁሉም ኪንታሮት አይደለምና ከምንም በፊት ታይታችሁ አንጀታችሁ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ።

ሐኪሙ ሲሸኘኝ ያዘዘልኝ አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም፦ ውሃ፣ አሰር ያለው ምግብ፣ ስልክን ውጭ ትቶ ሽንት ቤት መግባት። የከበደኝ ሦስተኛው ነው።