አዲስ 22 ኢንች ወይስ ያገለገለ 24 ኢንች ሞኒተር?

ጅማ ላይ አሮጌ ሞኒተር በትንሽ ብር ለመቀየር አስበው በርካሽ አዲስ 22 ኢንችና ከቢሮ በወጣ 24 ኢንች መሃል ከተቸገሩ፣ ለጽሑፍና ለኤክሴል ሥራ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ያገለገለው አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከሆነ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፤ ርካሹ አዲስ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ከታች ሲያዩት ይጨልማል።

ብቻ ሳይፈትሹ አይክፈሉ። 20 ደቂቃ ያህል አብርተው ያቆዩት፣ ከዚያ ሙሉ ነጭ ምስል ይክፈቱ፤ ጠርዙ ቢጫ ወይም ሮዝ ከመሰለ የጀርባ መብራቱ እያለቀ ሊሆን ይችላል። ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም ይሞክሩ፤ የሞተ ነጥብ (የማይበራ ወይም ቀለሙ የማይቀየር) የሚጋለጠው ያኔ ነው።

አዲሱ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ (አዲሱ የምስል ገመድ መሰኪያ) ብቻ፣ ኮምፒውተርዎ ደግሞ ቪጂኤ (የድሮው መሰኪያ) ብቻ ካለው ተራ ገመድ አያገናኛቸውም፤ ሲግናሉን የሚቀይር ኮንቨርተር ይጨምሩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የትኛውንም ሞኒተር ሊያቃጥል ስለሚችል የስታቢላይዘር ብር አስቀድመው ይያዙ።