29 ኪሎ ቀነስኩ፤ ሒሳቡ ግን ገና አልተዘጋም

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፦ ለክብደት መቀነሻ የገዛሁት ሻይና እንክብል ይሠራሉ። "ሌቦች ናቸው፣ ብሬን በልተው ምንም ጠብ አላለልኝም" ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። ባለፈው ጥቅምት አጋማሽ 96 ኪሎ ነበርኩ፣ ፋሲካ ላይ 67 ሆንኩ። የምጽፈውም ስለሠራ ነው። ባይሠራ ኖሮ የአንድ ወሩን 4,500 ብር ከስሬ እገላገል ነበር።

የገዛሁት እንደ ብዙዎቻችሁ ከቴሌግራም ቻናል ነው። "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ያለ ስፖርት፣ ያለ ዳይት፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው"። ብሩን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ልጁ በሞተር ቢሮ ድረስ ያመጣላችኋል። የወሩ ጥቅል አንድ ካርቶን ሻይና 60 ፍሬ እንክብል ነው። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠልና ወገቧን በሜትር የጠመጠመች ፈረንጅ አሉ። የአምራች ስም የለም፣ የምርት ቁጥር የለም፣ እንክብሉ ከምን እንደተሠራ የሚናገር አንዲት ፊደል የለችም። ለልጄ ብስኩት ስገዛ እንኳ ጀርባውን ገልብጬ ቀኑን የማይ ሰው፣ ይኼን በቀን ሁለት ሁለት ስውጥ አንድም ቀን ካርቶኑን አላገላበጥኩም።

በሦስተኛው ቀን ምግብ አስጠላኝ። አፌ ይደርቃል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሌሊት ዓይኔ አልከደን አለ። ለሻጯ ብጽፍላት "ውዴ፣ ስቡ እየቀለጠ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ! ዛሬ ግን የማውቀውን ላካፍላችሁ። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2010 አውሮፓም አሜሪካም ከገበያ አስወጡት። ከዚያ ወዲህ "የዕፅዋት ነው" እየተባለ በሚሸጥ ማክሻ ውስጥ በየአገሩ ተደብቆ ሲያዝ ኖሯል። አፍ ማድረቅ፣ እንቅልፍ መንሳት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመር የታወቁ ጠባዮቹ ናቸው። የኔን እንክብል ላብራቶሪ አላየውም፣ ስለዚህ እሱ ነው ብዬ አልምልም። እናንተ ግን ቅጠል ውጣችሁ ልባችሁ እንደዚያ ከመታ፣ ነገሩ ቅጠል ብቻ አይደለም።

የሻዩ ሥራ ደግሞ ሽንት ቤት ማመላለስ ነው። እንዲህ ዓይነት ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰናመኪ ነው፤ ሆድ ያስቀምጣል። ሚዛኑ ጠዋት ላይ የሚቀንሰው ውኃው ስለወጣ ነው፣ ስቡ ካለበት አልተነቃነቀም። ከውኃው ጋር ደግሞ ልብና ጡንቻ የሚፈልጉት ፖታሲየም አብሮ ይሄዳል። አያቶቻችን ኮሶ የጠጡት ትሉን ለማስወጣት ነበር፤ ኮሶ ጠጥቶ "ቦርጬ ጠፋ" ብሎ ፎቶ የተነሣ ግን አልሰማሁም። (እግረ መንገዴን፦ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ ሴቶች፣ ተቅማጥ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ እንክብሉ በደንብ ላይሠራ እንደሚችል ይኼን ሻይ ከሚሸጡት መካከል የሚነግራችሁ የለም።)

ጥር ሲገባ 76 ኪሎ ደርሻለሁ። በሦስት ወር 20 ኪሎ! ለጥምቀት ሹሩባ ልሠራ ሁሌም የምሄድባት ልጅ ጋ ተቀመጥኩ። ሚዶዋን ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለፈችና ዝም አለች። ወሬኛ ናት፣ ዝም ስትል አላውቃትም። ከዚያ ሚዶውን ወደ ፊቴ አምጥታ "እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ያንቺ ነው" አለችኝ። ጭብጥ የሚሞላ ፀጉር። ግንባሬና ጆሮ ግንዴ አካባቢ መያዣ አጥታ ሹሩባውን ግማሽ ላይ ተወችው፣ ብሩንም አልቀበልም አለች።

በኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ነገሩ የተለመደ መሆኑን ሰማሁ። ሰውነት በድንገት ምግብ ሲያጣ ብዙ የፀጉር ሥሮች ባንዴ ወደ ዕረፍት ይገባሉ፣ ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይተው ይረግፋሉ። ስለዚህ ፀጉሩ የሚረግፈው መስተዋት ፊት በጣም ደስ ባለን ሰሞን ነው፣ ከሻዩ ጋርም አናገናኘውም። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ የኔም እየበቀለ ነው፣ ግን በወራት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ደም አስመርምሬ የብረት ክምችቴም ተሟጦ ተገኘ።

ለሻጯ የፀጉሬን ፎቶ ላኩላት። ምን ብትመልስ ጥሩ ነው? "ማሬ፣ ለሱም ምርጥ ቫይታሚን አለን፣ ላንቺ 2,200 ብር"። ገዛሁ። አዎ፣ ገዛሁ፤ ሳቁብኝ።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ? የኔ ቀሚስ ሰፍቶ እንደ ድንኳን ተንጠለጠለብኝ። ሽሮ ሜዳ ያሠራሁት ነው፣ ጥበቡ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ። ልብስ ሰፊው ዘርግቶ አየውና "ከዚህ በላይ ካጠበብኩት ጥበቡ ይቆረጣል" ብሎ አጥፎ መለሰልኝ። ልብስ ቀላል ነው ትሉኝ ይሆናል። ከጫማ እስከ ጡት መያዣ ሁሉን ነገር አዲስ ግዙና ንገሩኝ። የቃል ኪዳን ቀለበቴ ዕቃ ሳጥብ ወልቆ ሳፋ ውስጥ ነው የተገኘው፤ አሁን ክር ጠምጥሜበታለሁ።

ቆዳውንም ማንም አልነገረኝም። ሆዴና ክንዴ ላይ ባዶ ከረጢት ሆኖ ቀረ። እጥፋቱ ሥር ያልበኛል፣ ይቀላል፣ ያሳክከኛል። ክሬም አይሰበስበውም፤ ይኼን ያህል የላላ ቆዳ የሚነሣው በቀዶ ጥገና ነው። ክንዴን ለመሸፈን በጠራራ ፀሐይ ሹራብ እለብሳለሁ። ደግሞም ይበርደኛል፣ ቢሮ ጋቢ ይዤ የምገባ አሮጊት ሆኛለሁ። ቅዳሴ ላይ አግዳሚ ወንበር ስቀመጥ የጅራት አጥንቴ ይቆረቁረኛል።

ያልጠበቅሁት ግን የሰዉን አፍ ነው። እኔ "አማረብሽ" ልባል ነበር የቋመጥኩት። በኛ አገር ግን ሰው ደህና ሲሆን "ተመችቶሻል" ነው የሚባለው፤ ክሳት የችግር ምልክት ነው። "ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብለው ከንፈር ይመጡልኛል። አክስቴ እናቴን ጥግ ይዘው "ስኳር ነው ወይስ ያ ነገር?" ብለው ጠይቀዋታል። የጎረቤታችን እማማ ጠበል በጀሪካን ይዘውልኝ መጡ። ባለቤቴንም መሥሪያ ቤቱ "ቤት ውስጥ ሰላም ነው?" ብለውታል። "በሻይ ነው የከሳሁት" ብዬ ለስንቱ ላስረዳ?

ዋናው ነገር ፋሲካ ሌሊት መጣ። ሻጯ "ጾሙን ተጠቀሚበት፣ በቀን አንዴ ብቻ ብዪ" ብላኝ፣ ሁዳዴን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሽሮም በወግ ሳልበላ፣ አብዛኛውን ቀን ሰላጣ ቆርጥሜ ከርሜያለሁ። ከቅዳሴ መልስ አንድ እንቁላልና የዶሮ ጭን በቅቤ የተንተከተከ መረቁ ጋር በላሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀኝ ጎድኔ ሥር የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፣ ወደ ትከሻዬ ወጣ። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ከምጥ የሚተናነስ አልነበረም። ሰው ዶሮውን እየበላ እኔ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ እተፋለሁ።

አልትራሳውንድ ያነሣኝ ሐኪም ማሽኑን ሳያነሳ "በቅርቡ ብዙ ኪሎ ቀንሰሻል?" አለኝ። የሐሞት ጠጠር ነው። ሰውነት ስቡን በፍጥነት ሲያቀልጥ ጉበት ወደ ሐሞት የሚለቀው ኮሌስትሮል ይበዛል፤ ቅባት ካልተበላ ደግሞ የሐሞት ከረጢቱ አይጨመቅም፣ ሐሞቱ እዚያው ተኝቶ ይረጋል፣ ይጠጥራል። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው ላይ አደጋው ይጨምራል። በግንቦት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ወጣ። ለመኪና ቅድመ ክፍያ ያሰብኩት የዕቁብ ዕጣዬ እዚያ ገባ።

እንክብሉን ካቆምኩ ወዲህ 11 ኪሎ ተመልሷል። አበላሌ ከድሮው ያነሰ ነው፣ ግን ሲቀንስ ጡንቻዬም አብሮ ሄዷል፣ ሰውነቴም በትንሽ መኖር ለምዷል። ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ለፍትሕ ያህል፦ የጉልበት ሕመሜ ቀሏል፣ ማንኮራፋቴም ቆሟል። ስለዚህ "አትክሱ" አልላችሁም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ፣ እህል እየበላችሁ፣ እንቁላሉንና ምስሩን ሳትተዉ፣ ክብደት እያነሣችሁ ቀንሱ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ኪሎ ስትቀንሱ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል፤ ሐኪማችሁ ሳያውቅ አትጀምሩ። መድኃኒት በሕግ ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ፋርማሲ ነው የሚሸጠው፤ በሞተር የሚመጣ ስም የለሽ እንክብል ካጋጠማችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠቁሙ። ካርቶኑን አትጣሉ፣ የቴሌብሩን መልእክትም አታጥፉ። እኔ ካርቶኖቹን ጥዬ ነበር፣ ጥቆማ ስሰጥ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እሱን ነው። አሁን ደግሞ በዚያው ቻናል የመርፌ ብዕር መሸጥ ጀምረዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ (ለስኳር ሕመምና ለክብደት መቀነሻ በብዕር የሚወጋ መድኃኒት) መሰራጨቱን አስጠንቅቋል። እውነተኛው እንኳ ከመከፈቱ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የልጁ ሞተር ሳጥን ፍሪጅ አይደለም።

ለሻጯ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ጻፍኩላት፣ ብሎክ አደረገችኝ። ፎቶዬ ግን ዛሬም ቻናሉ ላይ አለ። በየካቲት "ለሌሎች ተስፋ ስጪ" ብላ ለምናኝ የላክሁላት ነው፣ ዓይኖቼ ላይ ቀይ ልብ ለጥፋበታለች። ካያችሁት፣ በግራ በኩል ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ወፍራም ሴት እኔ ነኝ። በቀኝ ያለችውም እኔ ነኝ፤ ሻሽ ያሰርኩት ለማማር አይደለም።