ካርቶኑን ሳታስከፍቱ የዓሣ ገንዳ ፊልተር እንዳትገዙ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የልጄን ሁለተኛዋን ጎልድፊሽ ዛሬ ጠዋት ሞታ አገኘናት። የመጀመሪያዋ የሞተችው ከትናንት ወዲያ ነው።

«እመኚኝ እህቴ፣ እኔም ቤቴ የምጠቀመው ይሄንኑ ነው» የሚሉትን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ገንዳችን 120 ሊትር መሆኑን፣ የድሮው ፊልተር መቃጠሉን ነገርኩት። ማሳያ ገንዳው ውስጥ የሚሠራ ፊልተር አሳየኝ። ውሃውን እንዴት ይገፋው ነበር! ተንሳፋፊዎቹን ቅጠሎች ከዳር እስከ ዳር ይነዳቸዋል። መዳፌን ስደቅንበት ግፊቱ ተሰማኝ። «ይሄንኑ ስጠኝ» አልኩት። «እሱማ ማሳያ ነው፤ አዲሱን ከነካርቶኑ ላምጣልሽ» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ።

ቆየ። ሲወጣ ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ፌስታል ውስጥ ገብቷል። ላዩ ላይ በሰዓት 1000 ሊትር ይላል። ልከፍተው ስል እጁን ካርቶኑ ላይ ጫነና ፈገግ ብሎ «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ። 4,800 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ያቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ መላልሼ አሰብኳት! ብሩ ገና እጄ ላይ ነበር። «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ መውጣት እችል ነበር።

ቤት ስንሰካው ቀጭን ውሃ ነው የሚወርደው። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ሰፈፈ፤ ኩሳቸው ጥግ ጥጉን ተከመረ፤ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ልጄ «ማሚ፣ ምን ሆነው ነው?» ስትለኝ «ርቧቸው ነው» ብዬ ምግብ ጨመርኩላቸው። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። አየር አጥሯቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ በምግቡ ውሃውን ይብስ በከልኩት።

አንዷ ከሞተች በኋላ ነው መለካት ትዝ ያለኝ። ባለ 2 ሊትር ጆግ ደቅኜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ ለመሙላት 36 ሰከንድ ፈጀ። በሰዓት 200 ሊትር! የገንዳው ውሃ በሰዓት 4 ወይም 5 ጊዜ በፊልተሩ ማለፍ አለበት፤ ለእኛ ቢያንስ 480 ሊትር ማለት ነው። ሞተሩን አውጥቼ ስጠርገው ገላው ላይ 250 ተጽፎበታል። ካርቶኑ የሌላ ዕቃ ነው።

ትናንት ይዤለት ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። «ከሱቅ ከወጣ እኛን አይመለከተንም።» ጽሑፉን ሳሳየው «ባለቤትሽ ካለ ይምጣና ላስረዳው» አለኝ። አብራው የምትሠራው ልጅ «ለዓሣ ነው እንዲህ?» ብላ ሳቀች። ደረሰኙ ላይ የጻፈልኝ «የዓሣ ዕቃ» ብቻ ነው፤ ሞዴል የለ፣ ሊትር የለ። ማታ ለቀረችው ውሃ ብቀይርላትም አልተረፈችም።

ከካርቶኑ የወጣውን ራሱን እዚያው ሱቅ አሠርታችሁ ጆግ ሙሉበት፤ ሊትሩን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ዓሦቻችሁ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ደግሞ ምግብ አትጨምሩ፤ መጀመሪያ ውሃው መዞሩን እዩ።