ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ፦ ገንዳ ወይስ ደረቅ በርሜል?

ከሪአክተር (የኒውክሌር ኃይል ከሚመነጭበት ክፍል) የወጣ ነዳጅ ለዓመታት ሙቀት ያመነጫል። የት ይቀመጥ? በፓምፕ በሚዘዋወር ውሃ በሚያቀዘቅዘው ገንዳ፣ ወይስ ያለ ውሃ በአየር በሚቀዘቅዝ የታሸገ ወፍራም በርሜል?

ወጪ፦ ገንዳው ከጣቢያው ጋር አብሮ ይገነባል፤ የፓምፑና የመብራቱ ወጪ ግን አያልቅም። በርሜሉ መግዣው ኪስ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው ትንሽ ነው።

አደጋ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሱናሚ የጃፓኑን የፉኩሺማ ዳይቺ ኒውክሌር ጣቢያ ሲመታ መብራት ጠፋ። የ4ኛው ሪአክተር ገንዳ ደረቀ ተብሎ ዓለም ተጨነቀ። ደግነቱ ውሃው አላለቀም። እዚያው ግቢ የነበሩት 9 በርሜሎች ግን ጎርፍ ቢገባባቸውም ነዳጁን እንደያዙ ቆዩ። ማቀዝቀዣቸው አየር ብቻ ነዋ!

ገና ለወጣ ትኩስ ነዳጅ ምርጫ የለም፣ ገንዳ ነው። 5 ዓመት ገደማ ለቆየውና ገንዳው ለሞላበት ጣቢያ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ በርሜሉ ይሻላል።