በሁዳዴ የቀረበልን የወተት ማኪያቶ

ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ አንድ ካፌ ላለፉት ሁለት ዓመታት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ቡና ስጠጣ ቆይቻለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ ቀን ጥፋት የብዙ ሠራተኞችን እንጀራ እንዲነካ ስለማልፈልግ ነው። ሆኖም የደረሰብን ነገር በሌሎች ካፌዎችም ሊያጋጥም የሚችል በመሆኑ፣ ለቤቱ ባለቤትም ሆነ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው በዝርዝር መጻፉ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ቡናው ጥራት ያለኝን አስተያየት አስቀድሜ ልናገር። የይርጋጨፌ ቡና ነው የሚጠቀሙት፤ አቆላላቸው መጠነኛ ስለሆነ የአበባና የሎሚ ቃና ያለው መዓዛው አይሞትም። ማኪያቶው በትንሽ ብርጭቆ ሲቀርብ ወተቱ፣ ቡናውና አረፋው ሳይደበላለቁ ተለይተው ይታያሉ፤ ጠቆር ያለ ብለው ቢያዙ በእርግጥም ጠቆር ብሎ ይመጣል። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ሥራውን የሚወድ ሰው መሆኑ ከእጁ ያስታውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመላለሰኝም ይኸው ነበር።

በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጡትን አክስቴን ይዤ ወደዚሁ ካፌ ሄድኩ። አክስቴ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው ሲወጡ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ዕድሜያቸው 68 ነው፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም። ሐኪሙ ጾሙን ቀለል እንዲያደርጉ መክሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ አጉድለው ስለማያውቁ እንኳን 55ቱን ቀን አንዲቱንም ቀን ለማስታጎል ፈቃደኛ አልነበሩም። ስለዚህ የዚያን ዕለት የመጀመሪያ ጉርሻቸው ምን እንደሚሆን ለእኔም ለእሳቸውም ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ከእኛ በፊት የነበሩ ደንበኞች የተጠቀሙባቸው ብርጭቆዎች ያልተነሱበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ሁለት አስተናጋጆች ባንኮኒው አጠገብ ቆመው በስልካቸው የሆነ ነገር ይመለከቱ ነበር። እጄን ሦስት ጊዜ አንሥቼ የመጣልን ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ለአክስቴ አንድ የጾም ማኪያቶ፣ ለእኔ ጥቁር ቡና፣ እንዲሁም ሁለት የምስር ሳምቡሳ አዘዝኩ። ማኪያቶው የጾም እንዲሆን ሁለት ጊዜ አሳሰብኩት፤ አስተናጋጁም «ገብቶኛል» ብሎ ሄደ።

ትዕዛዙ ከደረሰኙ ጋር ቀረበ። አክስቴ በስመ አብ ብለው፣ አማትበው፣ አንድ ጊዜ ፉት እንዳሉ ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ የላም ወተት ነው» አሉኝ። አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በወተት አይታለሉም። እኔም ቀምሼ አረጋገጥኩና አስተናጋጁን ጠራሁት። እሱ ግን ብርጭቆውን እንኳ ሳያይ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «የጾም ነው እማማ፣ ጠጪው» አላቸው። «ይጠጡት» ማለት አቅቶት አይመስለኝም፤ ለእኔ ሲናገር «እርስዎ» እያለ ነበርና። ገጠሬ የለበሰችውን ነጠላ አይቶ ሰውን የሚመዝን አንደበት እንደሆነ ተሰማኝ፤ ከወተቱ እኩል ያሳዘነኝም ይህ ነው።

በኋላ ደግሞ ያዘዝነው መደበኛውን ማኪያቶ እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ደረሰኙን አሳየሁት። መደበኛው ማኪያቶ 80 ብር ነው፤ የጾሙ 95 ብር ነው፤ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የጾም ማኪያቶ 95» የሚል ነበር። ቤቱ የጾም ብሎ መዝግቦ፣ የጾሙን ዋጋ አስልቶ፣ የላም ወተት አቅርቦልናል ማለት ነው። በዚህ መሐል ማሽኑ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ክርክራችንን ሰምቶ ኖሮ፣ የአኩሪ አተሩ ወተት ከጠዋት ጀምሮ ማለቁንና ይህንንም ለአስተናጋጆቹ መንገሩን በግልጽ ተናገረ። አስተናጋጁ ይህን ሲሰማ ያለው፣ «ትንሽ ወተት እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱም የጠየቀን «ሌላ ምን ይምጣላችሁ?» ብሎ ብቻ ነው፤ አክስቴን ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ይቅርታ የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም። የማኪያቶው ሒሳብ እንዲሰረዝልን ስጠይቅ ደረሰኝ አንዴ ከወጣ እንደማይሰረዝ ነገረኝ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጨምሮበት 309 ብር ከ93 ሳንቲም ከፍዬ ወጣሁ። የአገልግሎት ክፍያውን በሌላ ቀን ቢሆን ያለ ቅሬታ እከፍለዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ለየትኛው አገልግሎት እንደከፈልኩ ዛሬም ላስረዳ አልችልም።

የጾም ወተት ማለቁ ጥፋት አይደለም። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ በማንኛውም ካፌ ያልቃል፤ «ዛሬ የለም» ቢሉን ሻይ አዝዘን በደስታ እንጠጣ ነበር። ጥፋቱ አለ ብሎ ሌላ ነገር ማቅረብ ነው። ይህ ደግሞ የጾመኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጾም ወተት የሚባለው በአንዱ ቤት ከአኩሪ አተር፣ በሌላው ከኦቾሎኒ ወይም ከአጃ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ኦቾሎኒ ሲቀምስ ጉሮሮው የሚያብጥ ሰው አለ፣ የላም ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም አለ። የቀረበለት ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ካልተነገረው፣ ደንበኛው ራሱን የሚጠብቅበት ሌላ መንገድ የለውም። የካፌው የዋጋ ዝርዝር ላይ ያለውም «የጾም» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ከምን እንደተሠራ በአንድ ቃል ቢጨመርበት ምንም ወጪ አያስከትልም።

በሕግ በኩልም ቢሆን ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብቱንም በዚያው ይዘረዝራል። ይህን የማነሣው ካፌውን ለመክሰስ አስቤ አይደለም። አክብሮት እንደ ውለታ የሚቆጠርበት ቤት ካለ፣ መብት መሆኑን ባለቤቱ ቢያውቀው መልካም ነው ብዬ ነው።

ስንወጣ፣ ጠረጴዛ የምታጸዳ አንዲት ወጣት ልጅ ተከትላን በሩ ድረስ መጣች። አንድ ብርጭቆ ውኃ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አፍዎን ይጉመጥመጡበት» አለቻቸው። አክስቴ ውኃውን ተቀብለው ተጉመጠመጡና መረቋት። ያጠፋችው ነገር አልነበረም፤ በዚያ ቤት ይቅርታ የጠየቀችን ግን እሷ ብቻ ናት። ባለቤቱ ይህን ካነበበ፣ ማን እንደሆነች ጠይቆ ቢያውቃትና የእንግዳ አቀባበሉን ለእሷ ቢሰጣት ደስ ይለኛል።

ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ሥራ አስኪያጁን በእርጋታ አነጋገርኩት። «አስተላልፋለሁ» አለኝ፤ ለማን እንደሚያስተላልፍ አልነገረኝም። በዚያው ቀን ሌላ ደንበኛ የጾም ማኪያቶ ሲያዝ ሰማሁ፤ አለ ወይስ የለም ብሎ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ያጣራ አስተናጋጅ ግን አላየሁም።

አሁን ቡናዬን የምጠጣው ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት በጀበና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ነው። ባለፈው ዓርብ ከስኒው ጋር ዳቦ ቆሎ በትንሽ ሰሐን አቀረበችልኝ፤ ገና እጄን ሳልዘረጋ፣ ሳልጠይቃትም፣ «በዘይት ነው የሠራሁት፤ ቅቤ የለበትም» አለችኝ።